በጄት ለሽምግልና፦ ከልደታ እስከ አርባ ምንጭ

ይህን የምጽፈው ሰልችቶኝ ነው። ከአርባ ምንጭ ከተመለስኩ ወዲህ ዳቦ ልገዛ ወርጄ እስክመለስ ድረስ በየደረጃው እያስቆሙ "እማማ የሺ፣ ጄቱ እንዴት ነበር?" ይሉኛል። አንዷ መሀሉን ብቻ ሰምታ ትሄዳለች። ለሌላዋ ስትነግር ጄቱ ወድቆ እኔ ብቻ ተርፌ እገኛለሁ። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ይኸው። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ጽሕፈቴ ቢያነክስ ነገሩ አያነክስም።

ዳዊት የሚባል የልጅ ልጅ አለኝ። እናት አባቱን በሕፃንነቱ አጥቶ እኔው ነኝ ያሳደግኩት፤ መጀመሪያ አብነት ቀበሌ ቤት ሳለን፣ ኋላም እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም። አሁን ምሕረት የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። ቤተሰቦቿ አርባ ምንጭ ናቸው። አባቷ አቶ ዘውዴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ለመጀመሪያው የሽምግልና ቀጠሮ ዘመድ ሰብስበው፣ ግቢ አስጠርገው ሲጠብቁን እኛ ቀረን። ያስቀረን የዳዊት አጎት ደረጀ ነው። ተቋራጭ ነው፤ በዕለቱ ጠዋት ደውሎ "ስብሰባ ገጠመኝ" አለ። አቶ ዘውዴ አልተቆጡም። "አንድ ጊዜ ይቅር ይባላል። ሁለቴ ቀጠሮ የሚያፈርስ ወገን ግን ልጄን እንዴት አምኜ እሰጠዋለሁ?" ብቻ አሉ። ዳዊት ያን ማታ እራት አልበላም።

ደረጀ ጥፋቱ ገባውና ደነገጠ። ሲደነግጥ ደግሞ ገንዘብ ማውጣት ነው የሚያውቀው። ትንሽ ጄት ተከራየ።

"ለሽምግልና ጄት?" አልኩት።

"አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው እማማ። እንዳይደክምዎት ብዬ ነው።"

"እኔ መቼ ደከመኝ አልኩህ?"

ሽማግሌዎቹ አራት ነበርን፤ ደረጀ፣ የንስሐ አባቴ መምሬ አስራት፣ እኔና ጋሽ ወርቁ። ሴት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም ያሉኝ ነበሩ። ልጁን በጀርባዬ አዝዬ ሳሳድግ የት ነበራችሁ ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው። ጋሽ ወርቁ የብሎካችን ዘበኛ ነው። ደረጀ ስሙን ሲሰማ ግንባሩ ተኮማተረ።

"እማማ፣ ዘበኛ ይዘን ነው ልጅ የምንጠይቀው?"

"የመረጠው ዳዊት ነው። እጁ በተሰበረ ጊዜ አዝሎት ሐኪም ቤት የሮጠው አንተ ነህ?"

ስልኩን አውጥቶ የአራታችንን ስም ለጄቱ ሰዎች ነገረ።

ቅዳሜ

ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ድረስ ወርዶ ሸኘኝ። እልልታው ባቡሩ ጣቢያ ድረስ ተሰምቷል። ለመንገድ አምባሻ ተሰጠኝ፤ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው ብል ማን ይሰማኛል።

ጄቱ የሚነሣው ቦሌ ከትልቁ አዳራሽ ራቅ ካለ በር ነው። ትልቅ ነገር ስጠብቅ ያየሁት ከሚኒባስ ትንሽ የሚረዝም ነጭ ነገር ነው። ውስጡ መቆም አይቻልም፤ እየዳኸን ገባን። አራት ወንበር፣ ፊት ለፊት ሁለት አብራሪዎች። ዋናዋ ካፒቴን ሰላም ትባላለች፤ የዳዊት እኩያ ናት። መምሬ አስራት አማተቡ። በእሷ ይሁን በጄቱ አላወቅኩም።

ካፒቴኗ ከመነሣታችን በፊት ከራሳችን በላይ ያሉትን ትንንሽ ሣጥኖች አሳየችን። ላይ ስንወጣ አየሩ ይሳሳል፤ ምናልባት ችግር ቢፈጠር ሣጥኖቹ ራሳቸው ተከፍተው የኦክስጅን ማስክ ያወርዳሉ። "ልጅ ይዛችሁ ቢሆን መጀመሪያ ለራሳችሁ፣ ቀጥሎ ለልጁ ታደርጋላችሁ" አለች።

"ለራሴ ቀድሜ?" አልኩ። "በየትኛው አገር ነው እናት ቀድማ የምትጎርሰው?"

"እማማ፣ እርስዎ ራስዎን ከሳቱ ልጁን ማን ይረዳዋል?"

ልክ ናት። ልክ የሆነ ሰው ያናድደኛል፤ ተናድጄ እንዳለሁ ተነሣን።

ልደታን ከላይ አየዋለሁ ብዬ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ነበር። ብሎኮቹን አይቼ የኔን ሳልለይ ጄቱ ዞረ። ካፒቴኗ አንገቷን መለስ አድርጋ "ተረጋጉ፣ ወደ ቦሌ እየተመለስን ነው" አለችን። ጎማዎቹ ተጣጥፈው ሆዱ ውስጥ ሲገቡ የሚጠፋ መብራት አለ። የግራው አልጠፋም። ጎማው ይግባ አይግባ ጄቱ ራሱ አላወቀም።

"የራሱን እግር አያውቅም?" አለ ጋሽ ወርቁ በሹክሹክታ።

ከዚያ ለማረፍ ጎማዎቹን ስትዘረጋ ባሰ። ሦስት አረንጓዴ መብራት ሊበራ ይገባ ነበር፤ ሁለት ብቻ በራ። በሜዳው ላይ ዝቅ ብለን አለፍን፤ መሬት ያሉት ሰዎች በመነጽር አይተው "ሦስቱም ጎማ ወጥቷል" አሉ በሬዲዮ። መብራቱ ግን አልወጣም ይላል። ማንን እንመን? ነዳጅ እስኪቀል ዞርን፣ ዞርን። አዲስ አበባን እንደ ታክሲ ተራ ዞርናት። ደረጀ ላቡ በጥቁር ሱፉ ላይ ወረደ። መምሬ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። እኔ የማስበው አቶ ዘውዴን ነበር፤ ሁለተኛው ቀጠሮ ነው።

"ጭንቅላታችሁን ጉልበታችሁ ላይ" ተባልን። አረፍን። ምንም አልሆነም። ከነገሩ ሁሉ ያበሳጨኝ ይኸው ምንም አለመሆኑ ነው። ጎማው ደህና ነበር። የታመመው ሴንሰር የሚሉት ነገር ነው፤ ከአውራ ጣት አይበልጥም፣ እግሩ ጥግ ተቀምጦ ብረቱ ሲጠጋው "ገብቷል"፣ "ወጥቷል" እያለ ወሬ ማቀበል ነው ሥራው። ባለፈው ጉዞ ጭቃ ሜዳ ላይ አርፈው ኖሮ በጭቃ ተለስኗል። የእኛን ሰፈር ወሬ አቀባይ ይመስላል አልኳት ለካፒቴኗ፤ ያላየውን ይናገራል፣ ያየውን ይክዳል።

"እማማ፣ ይዋሻል ብለን ግን አንንቀውም። አንድ ቀን እውነቱን ይሆናል" አለችኝ።

ደረጀ ለአቶ ዘውዴ ደወለ። እሳቸውም "ከሰማይ የመጣ ነገር ነው፣ እሺ። ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደጄ ላይ ካልቆማችሁ ግን በዚሁ ይቅር" አሉ።

ከነሻንጣዬ ወደ ልደታ ተመለስኩ። ጠዋት እልል ብለው የሸኙኝ ሰዎች ፊት ከነአምባሻዬ ማለፍ ምን እንደሚመስል ያልደረሰበት አያውቀውም። "ደርሰሽ መጣሽ? አይ ጄት!" አለችኝ የታችኛዋ ጎረቤቴ። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል። በእግሬ ወጣሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ በቀጥታ ቦሌ ሄድን። ሠራተኞቹ ጄቱን በክሪክ አንሥተው፣ ጎማዎቹን ሲያጣጥፉ ሲዘረጉ አምሽተው ሴንሰሩን ቀይረውታል። ሦስቱም አረንጓዴ ሲበሩ አሳዩን። እሰይ አልኩ። ለካስ እሰይ ለማለት ቸኩያለሁ። እግሩን ሲጨርሱ ለጥንቃቄ ብለው የኦክስጅኑን ሣጥኖች ፈትነው ነበር። ሦስቱ ተከፈቱ። ከኋላ በግራ ያለው ወንበር ሣጥን አልከፈትም አለ። ዕቃው እዚህ የለም፤ ከውጭ ይመጣል።

"ሣጥኑ የማይከፈት ወንበር ላይ ሰው አላስቀምጥም" አለች ካፒቴኗ። "ሦስት ሰው ብቻ ነው የምወስደው።"

"ሁለታችን በአንድ ማስክ እየተቀባበልን ብንተነፍስስ?" አልኩ። ጸበል እንኳ በአንድ ጣሳ እንጠጣለን።

"አይቻልም እማማ።"

"ዝቅ ብለሽ ብትበሪስ? አየሩ ወዳለበት?"

"አገራችን ራሷ ከፍ ያለች ናት። ዝቅ ስል ተራራ አገኛለሁ።"

እንግዲህ አንድ ሰው ሊቀር ነው። የደረጀ ዓይን ጋሽ ወርቁ ላይ አረፈ። ጋሽ ወርቁ ያን ዓይን ያውቀዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ በር ላይ ሲጠብቅ ያየው ዓይን ነው። "እኔ ልቅር" ብሎ ቦርሳውን አነሣ።

"ቁጭ በል!" አልኩት። ጮኼ ኖሯል፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ዞሩ። "ማንም በግልምጫ አይቀርም። ዕጣ ይጣላል።"

"እማማ፣ የተከራየሁት እኔ ነኝ" አለ ደረጀ።

"ዕቁብ ሰብሳቢውም ዕጣው ካልወጣ አይበላም።"

መምሬ አስራት "ልክ ናት፣ ሐዋርያትም ዕጣ ጥለዋል" አሉ። እሳቸው ከተናገሩ ደረጀ ምን ይላል። የጋሽ ወርቁን ባርኔጣ ገለበጥን። እሱ ፊሽካውን ጣለ፣ ደረጀ የመኪና ቁልፉን፣ መምሬ መፋቂያቸውን፣ እኔ ነጠላዬን የያዝኩበትን መርፌ ቁልፍ። ቀድሞ የወጣ ይቀራል። ካፒቴኗ ዓይኗን ጨፍና እጇን ሰደደች። ቁልፍ ቁልፍ እያልኩ ነበር በልቤ፤ የመኪናውን ቁልፍ።

የወጣው መርፌ ቁልፌ ነው።

ጋሽ ወርቁ እጄን ያዘ። "እትዬ የሺ፣ በዕቁብ ዕጣ መስጠት አለ አይደል? የኔን ወንበር ሰጥቼዎታለሁ።"

"አለ። ግን ካንተ አልቀበልም። ልጁ የጠራው አንተን ነው።"

ደረጀ ስልኩን ያይ ነበር። ጄቱ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲጠፋ ቆሜ አየሁት። ጎማው በደንብ ገብቷል።

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ በዚያ ሰዓት የለም። አየር ጤና ሄጄ ለወላይታ ሶዶ የሚጮኽ ሚኒባስ አገኘሁ። ጄቱ አንድ ማስክ ጎደለ ብሎ እኔን አስቀረኝ፤ ይኼ ግን ለሦስት በተሠራ ወንበር አራተኛ አድርጎ ጫነኝ። "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እናት ናቸው" ይላል ረዳቱ፣ የጠቀመኝ መስሎት።

"በሕጉ ጫን!" አልኩት።

"እማማ፣ ሕጉም ቢመጣ ጠጋ ብለን እናስቀምጠዋለን" አለኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

አለም ገናን ሳናልፍ አየሩ አለቀብን። መስኮቱን ከፈትኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ ዘጋችው።

"ንፋስ ይመታኛል።"

"እኔን ደግሞ ኦክስጅን አጥሮኛል።"

"ምን አጠረዎት?"

ከፈትኩ፣ ዘጋች። ቡታጅራ እስክንደርስ እንዲሁ ሆንን። ተሳፋሪው ሁሉ ከእሷ ጋር ነው፤ በዚህ አገር ሰው ታፍኖ ቢሞት ይሻለዋል እንጂ ንፋስ አያስገባም። በስተኋላ ያለ ሰውዬ "ጄት ውስጥ ያሉ ይመስል ኦክስጅን ይላሉ እንዴ?" አለ። ጠዋት ከጄት ነው የቀረሁት ብል እብድ ሊሉኝ ነው፤ መስኮቱን ከፈትኩ።

ቡታጅራ ምሳ በላን። ሴትዮዋ አምባሻዬን አይታ "የት ነው የሚሄዱት?" አለችኝ። ነገርኳት። ሽማግሌ መሆኔን፣ ጓደኞቼ ቀድመው እንደሄዱ፣ ምናልባት አሁን ያለኔ እየጠየቁ እንደሆነ ስነግራት የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ከቡታጅራ በኋላ መስኮቱን ራሷ የስንጥቅ ያህል ከፈተችልኝ፤ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ።

አልማዝ ትባላለች። ሶዶ ስንደርስ መሽቷል። ያየሁት ሆቴል ሁሉ ሠርገኛ ይዞታል። አልማዝ ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቃ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ትኩስ ሥጋ በዳጣ አቀረበችልኝ፤ ዳጣው የአዲስ አበባን ሚጥሚጣ ልጅ ያደርገዋል። ጠግቤያለሁ ማለት እሷ ጋ ቋንቋ አይደለም። አልጋዋን ለቃልኝ ራሷ መደብ ላይ ተኛች። ከመተኛቴ በፊት ደረጀ ጋ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ጋሽ ወርቁ አነሣ።

"ጠየቃችሁ? ምን አሉ?"

"ይድረሱ እንጂ እትዬ። በደህና ይድረሱ" ብሎ ዘጋው። እምቢ ብለዋል ማለት ነው አልኩ። ወይም እሺ ብለው ተበልቶ ተጠጥቶ አልቋል።

ሰኞ

አልማዝ በማለዳ ለአርባ ምንጭ የሚሄድ መኪና ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። በሶፍት የጠቀለለችው ዳቦ ቆሎ ጭኔ ላይ ነው። ሾፌሩን "መስኮት እንዳትዘጋባቸው" ብላ አስጠነቀቀችው። መንገዱ ወደ ቆላ ሲወርድ ሙቀቱ መጣ፤ የአባያ ሐይቅ ቀይ ውሃ በግራ በኩል ተዘረጋ። ልደታ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ እዚህ ደግሞ ሰማይ የሚያክል ውሃ ያለ ጠያቂ ተኝቷል። ፍርድ የለም።

የአቶ ዘውዴን ቤት ሲክላ ሰፈር ጠይቄ አገኘሁት። የብረት በር፣ የማንጎ ዛፍ። በሩ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ተቀምጧል። ፊሽካው አንገቱ ላይ ነው።

"ወርቁ! ምን ትሠራለህ እዚህ?"

ብድግ አለ። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። "ቀጠሮውን እየጠበቅኩ ነው እትዬ። አልፈረሰም።"

ነገሩን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ትናንት ከቀትር በኋላ ሦስቱ በሩ ላይ ደርሰዋል። አቶ ዘውዴ ግቡ አሉ። ደረጀ ሊገባ እግሩን ሲያነሣ ጋሽ ወርቁ ክንዱን ያዘው። "አንድ ሰው ይቀረናል። ልጁን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ሳይመጡ አፋችንን አንከፍትም" አለ። መምሬም ደገፉት። አቶ ዘውዴ "ቀጠሮው ዛሬ ነው" አሉ። ጋሽ ወርቁ ምን አለ? "ደጄ ላይ ቁሙ ብለዋል፤ ቆመናል። ሰዓቱ እንዳያልፍ እኔ እዚሁ አድራለሁ። ዘበኛ ነኝ፤ ደጅ ማደር ሥራዬ ነው።" ደረጀ ተናድዶ ስልኩን ዘግቶ ሆቴል ገባ። መምሬ ቤተ ክርስቲያን አደሩ። ጋሽ ወርቁ እህል ውሃ ሳይቀምስ፣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይበላም ብሎ፣ የሰው በር ሲጠብቅ አነጋ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ የምሕረት እናት ናት። "ወንበሯ ላይ እንኳ አልቀመጥም ብሎን ነበር፤ በግድ ነው" አለችኝ።

"ቢያንስ ጋቢ ተቀብለሃል" አልኩት።

መምሬ መጡ። ደረጀ ሱፉ ተጨማዶ፣ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ገብተን ቆምን። አቶ ዘውዴ ከወንድሞቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። መናገር የነበረበት ደረጀ ነበር፤ ንግግሩን በሱፉ ኪስ ይዟል። ወደ ኪሱ ሰደድ ያደረገውን እጅ መለሰና "ጋሽ ወርቁ ይናገር" አለ።

ጋሽ ወርቁ ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጅ ስጡን ልንል ነው የመጣነው። ልጃችን ቤቱን መጠበቅ ያውቃል።" ሌላ አልጨመረም።

አቶ ዘውዴ ወንበራቸውን ወደ እሱ አዞሩ። "ባለፈው ወር የቀረ ሰው ጄት ተከራይቶ ቢመጣ አልገረመኝም" አሉ። "በሬን ሲጠብቅ ያደረ ሰው ግን ባዶ እጁን አይመለስም። ተቀመጡ።"

እልልታው ከጓዳ መጣ። የጫሞ ዓሣ ቀረበ፤ ከአዲስ አበባው ጋር አይወዳደርም፣ የእኛው ሲደርስ ዓሣነቱን ረስቶ ነው። ጋሽ ወርቁ ሁለት ጉርሻ ወስዶ ወንበሩ ላይ አንቀላፋ።

ማክሰኞ

ጄቱ ሜዳው ላይ ቆሞ ጠበቀን። ካፒቴን ሰላም ገና ሳንጠይቃት "ሣጥኑ እንደተዘጋ ነው" አለች። ዕቃው አልመጣማ፣ በሁለት ቀን ምን ይመጣል። ማንም ሳይናገር ባርኔጣው ተገለበጠ። ቀድሞ ቁልፉን የጣለው ደረጀ ነው።

ካፒቴኗ ጨፍና አወጣች። የኔው መርፌ ቁልፍ! ይህ መርፌ ቁልፍ ምን አድርጌው ነው እንዲህ የሚወጣብኝ? መምሬ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። እኔ ሻንጣዬን አነሣሁ። ዕጣ ዕጣ ነው።

"ቆይ እማማ" አለ ደረጀ። "በዕቁብ ዕጣ መስጠት አለ ብለዋል።"

"ብያለሁ።"

"የኔን ወንበር ሰጥቻለሁ።"

"የተከራየኸው አንተ ነህ እኮ።"

"ሰብሳቢም ቢሆን" አለ፤ የራሴን ቃል መልሶ ሰጠኝ። ልከራከረው አፌን ከፈትኩ። ደንቡ የራሴው ነው። ያን ያህል ተናድጄ አላውቅም። የአልማዝን ዳቦ ቆሎ እጁ ላይ አስቀመጥኩና የቤቷን አቅጣጫ ነገርኩት፤ መስኮት እንዳይከፍት አስጠንቅቄ።

ቦሌ ስንቃረብ አንገቴን በአብራሪዎቹ መካከል አሾልኬ አየሁ። ሦስት አረንጓዴ። ወሬ አቀባዩ እውነቱን እየተናገረ ነው። ብሎካችን ስደርስ ዳዊት በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጋሽ ወርቁን አቅፎ ከመሬት አነሣው።

ማታ ደረጀ ደወለ።

"የት ነህ?" አልኩት።

"ሶዶ። እማማ፣ ለሴትዮዋ ምን ብለዋት ነው? አልጋዋን ለቃልኝ ራሷ መደብ ላይ ነች።"

"በላህ?"

"ሦስተኛ ሰሃን ላይ ነኝ። ነገም አትሄድም እያለችኝ ነው።"

"ስብሰባ የለህም?"

"ቀርቷል" አለ አፉ ሞልቶ።